የጂን ዙፋንና የጥንቷ ቻይና መሳፍንት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥንቷ ቻይና ታሪክ ስሙ ይበዛል፣ ዘመኑ ይረዝማል፤ አንባቢም ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይሰለቻል። ስለዚህ እዚህ አንድ ግዛት ይዘን እንሄዳለን፤ ጂንን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ዘመኑ ወደ እኛ እየቀረበ ነው ማለት ነው።

ቻይና ንጉሥ አልነበራትም እንዴ? እነዚህ መሳፍንት ከየት መጡ?

ነበራት። ዡ የሚባለው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ለወንድሞቻቸው፣ ለዘመዶቻቸውና ለጦር ባለውለታዎቻቸው መሬት እየቆረሱ ይሰጡ ነበር። ተቀባዩ እጅ መንሻ ያቀርባል፣ ሲጠራ ጦር ይዞ ይመጣል። በተረፈ በግዛቱ አዛዥ ናዛዡ ራሱ ነው። መሬቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ይህ ሥርዓት የተናጋው በ771 ነው፤ መነሻውም የወራሽ ጣጣ ነበር። ንጉሥ ዩ ንግሥቲቱንና አልጋ ወራሹን ሽሮ ባኦ ሲ የምትባል እቁባቱን በንግሥትነት አስቀመጠ። ልጇንም ወራሽ አደረገው። የተሻረችው ንግሥት ቤተሰብ ዝም አላለም። ከምዕራብ በኩል ካሉ ተዋጊ ሕዝቦች ጋር ተባብረው ዋና ከተማውን አጠቁ፤ ንጉሡም ተገደለ። ተባርሮ የነበረው ልጅ በ770 ወደ ምሥራቅ፣ ዛሬ ሉዎያንግ ወደምትባለው ከተማ፣ ተዛውሮ ነገሠ። ከዚያ ወዲህ ለዡ ንጉሥ ክብሩ እንጂ ጉልበቱ አልነበረውም። መሳፍንቱም እርስ በርስ ተያያዙ።

ከዚያ ሁሉ ግዛት ለምን ጂን?

ጂን ላይ ያልደረሰ የወራሽ መዓት ስለሌለ። አጎትና የወንድም ልጅ፣ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም፣ በመጨረሻም ጌታና ሹም ተፋጅተውባታል። ግዛቷ ያረፈው በዛሬዋ ሻንሺ፣ በፌን ወንዝ ዙሪያ ነው። ከምዕራብ የምታዋስናትን ቺንን ከእሷ ጋር አታምታቱ፤ ቺን ኋላ ቻይናን በሙሉ የጠቀለለችው ናት። በምሥራቅ፣ በዛሬዋ ሻንዶንግ በኩል ደግሞ ቺ የምትባል አለች። ስሞቹ መመሳሰላቸው የእኔ ጥፋት አይደለም።

ጠቡ መቼ ተጀመረ?

በ745። አዲሱ የጂን ገዥ ለአጎቱ ቹዎ የምትባል ከተማ ሰጠው። ከተማዋ ከዋና ከተማው ትበልጥ ነበር። ጫፉ ከሥሩ ሲበልጥ ከብጥብጥ በቀር ምን ይጠበቃል ያለ ሰው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

አጎቱ፣ ልጁና የልጅ ልጁ በተራ ዋናውን ቤት ወጉት። አንዱን ገዥ ይገድላሉ፣ ሌላ ይተካል፤ እሱንም ይገድላሉ። 67 ዓመት ፈጀ። በ678 የልጅ ልጁ ዉ ጂንን ጠቅልሎ ያዘ። የዘረፈውን ውድ ዕቃም ለዡ ንጉሥ ላከ። ንጉሡ ተቀበለና የጂን ሕጋዊ መስፍን ነህ አለው። በቃ። ዘመዱን ገድሎ ወንበር የያዘ ሰው በጉቦ ጸደቀ።

ልጁ መስፍን ሺያን ዘመዶቹን የፈጀው ለምንድን ነው?

የራሱ ቤት እንዴት ሥልጣን ላይ እንደወጣ ስለሚያውቅ። ሺያን በ676 ሲሾም በዙሪያው የአያቱና የቅድመ አያቱ ልጆች ዘር ሞልቶ ነበር። አባቶቹ ያደረጉትን እነዚህም ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ እርስ በርስ አባላቸው። ቀጥሎ ከተማ አሠርቶ እዚያ ሰበሰባቸው። በ669 ክረምት ከተማዋን ከቦ ጨረሳቸው። እንግዲህ የጂን ሰዎች የዘመድን ነገር በዚህ መልክ መፍታት የለመዱት ያኔ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሊ ጂ የእንጀራ ልጇን በመርዝ ወነጀለችው የሚባለው እውነት ነው?

ከዘመኑ ታሪክ በጣም የሚወራው ይህ ነው። ሺያን በ672 ሊሮንግ የሚባሉትን ሕዝቦች ወግቶ ሊ ጂን ማርኮ አመጣ። ወደዳት። ሺቺ የሚባል ልጅ ወለደችለት። ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሱ ሦስት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩ፤ አልጋ ወራሹ ሸንሸንግ፣ ቾንግኤርና ዪዉ። መጀመሪያ ድንበር ይጠብቁ በሚል ሰበብ ሦስቱንም ከቤተ መንግሥት አራቀቻቸው። ሸንሸንግ የተላከው ወደ ቹዎ ነው።

በ656 ሊ ጂ ለሸንሸንግ መልእክት ላከች። አባትህ እናትህን በሕልሙ አይቷታልና መሥዋዕት አቅርብላት አለችው። ሸንሸንግ ቹዎ ላይ መሥዋዕቱን አቀረበ። እንደ ደንቡም ከሥጋውና ከጠጁ ለአባቱ ላከ። አባት አደን ላይ ነበር። ሥጋው ቤተ መንግሥት ውስጥ ስድስት ቀን ተቀመጠ። መስፍኑ ሲመለስ ሊ ጂ መርዝ ጨምራ አቀረበችለት። ጠጁ መሬት ላይ ሲፈስ መሬቱ ኩፍ አለ። ሥጋው ለውሻ ተሰጠ፤ ውሻው ሞተ። ለአንድ አገልጋይ ተሰጠ፤ እሱም ሞተ። ሊ ጂ እያለቀሰች፣ ይህ የወራሹ ሥራ ነው አለች።

እንግዲህ አስቡት። መሬትን የሚያሳብጥ መርዝ የተረት ዕቃ ነው። ብቻቸውን ሲነጋገሩ የተባለውን ማን ጻፈው? ታሪኩን በዝርዝር የሚነግረን ዙዎ ዙዋን የሚባለው መጽሐፍ የተጠናቀረው ድርጊቱ ካለፈ ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው። ክፉ የእንጀራ እናት ደግሞ በየትኛውም አገር ለተራኪ ትመቻለች። የወራሹ መሞትና የሁለቱ ወንድሞች መሰደድ ግን አያጠራጥርም። እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ጥፋተኛ ሺያን ነው። ሦስት ያደጉ ልጆች እያሉት ለሕፃን ወንበር የተመኘው እሱ ነው።

ሸንሸንግ ለምን ራሱን አልተከላከለም?

ሰዎቹ ለምነውታል። ሥጋው ስድስት ቀን ተቀምጧል፤ ያን ብቻ ብትናገር መስፍኑ ይገባዋል አሉት። እሱ ግን አባቴ ያለ እሷ እንቅልፍም ምግብም አይሆንለትም፤ እውነቱን ብናገር እሷ ትቀጣለች፣ አባቴም አርጅቷል አለ። ሽሽ ሲሉትም አባቱን ሊመርዝ የሞከረ የሚል ስም ይዤ ማን ይቀበለኛል ብሎ መለሰ። ቹዎ ላይ ራሱን ሰቀለ። ቻይናውያን አንባቢዎች ይህ ለአባት የመታዘዝ ጥግ ነው ወይስ ሞኝነት እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ወንድሞቹ ሸሹ። ቾንግኤርን ለመግደል ፒ የሚባል ጃንደረባ ተልኮበት ነበር። አጥር ሲዘል ደረሰበትና በሰይፍ ሰነዘረ፤ የቆረጠው ግን እጅጌውን ብቻ ነው። ይህን ጃንደረባ እንደገና እናገኘዋለን።

የሊ ጂ ልጅ ነገሠ?

ብዙም አልቆየም። ሺያን በ651 እንደሞተ ሊ ከ የሚባል ሹም ልጁን ሺቺን በለቅሶው ላይ ገደለው። የሊ ጂ እህት የወለደችው ሕፃን ተተካ፤ እሱንም ገደለው።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን ዪዉ ቀደመ። የቺን መስፍን ሙ ጦር ሰጥቶ ካነገሠኝ አምስት ከተማ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ነገሠ፤ መስፍን ሁዪም ተባለ። ከተሞቹ የውሃ ሽታ ሆኑ። መንገዱን የጠረገለትን ሊ ከንም አስገደለው። በ647 ጂን ተራበች። ቺን ቂሟን ትታ በወንዝ እህል ጫነችላት፤ ጀልባዎቹ ከአንዱ ዋና ከተማ እስከ ሌላው ተያይዘው ይታዩ ነበር ይባላል። በዓመቱ ቺን ስትራብ ሁዪ አንዲት ፍሬ አልሰጥም አለ። በ645 ተዋጉ፤ ሁዪ ተማረከ። የሙ ሚስት የሁዪ እህት ነበረች። ልጆቿን ይዛ የማገዶ ክምር ላይ ወጣችና፣ ወንድሜን እስረኛ አድርጋችሁ ከተማ ካስገባችሁት ራሴን አቃጥላለሁ አለች። በእሷ ተረፈ። ልጁን መያዣ ሰጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ቾንግኤር ያን ሁሉ ዓመት የት ነበር?

ስደት ላይ፤ 19 ዓመት። መጀመሪያ 12 ዓመት የእናቱ ወገኖች ከሆኑት ዲ ከሚባሉ ሕዝቦች ጋር ኖረ። እዚያ አገባ። ሊሄድ ሲል ለሚስቱ 25 ዓመት ጠብቂኝ፣ ካልመጣሁ ሌላ አግቢ አላት። እሷም አሁን 25 ዓመቴ ነው፣ ሌላ 25 ጨምሬ ላግባ ብል የሚጠብቀኝ የሬሳ ሳጥን ነው፤ እጠብቅሃለሁ አለችው።

መንገድ ላይ ራበው። አንድ ገበሬን ምግብ ቢለምን አፈር ጓል ሰጠው። ቾንግኤር አለንጋ ሊያነሳ ሲል አጎቱ ሁ ያን አስቆመው። መሬት ተሰጠህ እኮ፣ ይህ የሰማይ ስጦታ ነው አለው። አጎንብሶ አመስግኖ ጓሉን ሠረገላው ላይ ጫነ።

ቺ ውስጥ ሚስትና 80 ፈረስ ተሰጠው። ተመቸውና ቀረ። ተከታዮቹ የሐር ትል በሚመገበው የቱት ዛፍ ሥር ተሰብስበው መንገድ ሲመክሩ አንዲት ገረድ ሰማቻቸው፤ ለእመቤቷም ነገረች። እመቤቲቱ ምሥጢሩ እንዳይወጣ ገረዷን ገደለች። ከዚያ ባሏን ድሎት ስምህን ያጠፋዋል፣ ሂድ አለችው። እምቢ ሲል አስክረው በሠረገላ ጭነው ወሰዱት። ስካሩ ሲለቀው ጦር ይዞ አጎቱን አባረረው! ቾንግኤርን ከነድክመቱ የምወደው እዚህ ላይ ነው።

ትንሿ የጻኦ ግዛት መስፍን ደግሞ የጎድን አጥንቱ የተጣበቀ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ራቁቱን ሲታጠብ ተደብቆ አየው። ቹ የምትባለው የደቡብ ግዛት ንጉሥ ግን ግብር አብልቶ፣ አገርህ ከተመለስክ ምን ትከፍለኛለህ አለው። ቾንግኤርም ምናልባት ጦራችን ከተገናኘ የሦስት ቀን መንገድ ወደ ኋላ እሸሻለሁ አለ። በመጨረሻ ቺን ገባ። ሙ በሁዪ ተታሏል፤ መያዣ የነበረው የሁዪ ልጅም አምልጦበታል። ስለዚህ ለቾንግኤር አምስት ሴቶች ሰጠው። አንዷ ያው ያመለጠው ልጅ ጥሏት የሄደው ሚስት ናት፤ ለቾንግኤር የወንድሙ ልጅ ሚስት ማለት ነው። ዋጠው። በ636 በቺን ጦር ተመለሰ፤ መስፍን ወን ተብሎም ተሾመ። የወንድሙም ልጅ ተገደለ።

ዕድሜው ያከራክራል። አንዱ ወገን ሲሰደድ 43፣ ሲመለስ 62 ነበር ይላል። ሌላው 17 እና 36 ያደርገዋል። ያን ሁሉ ሲዘል፣ ሲሰክርና አጎቱን ሲያባርር ሳስበው ለወጣቱ ቁጥር አደላለሁ።

ጃንደረባውን ገደለው?

አልገደለውም። ፒ ደጅ ሲጠና ወን፣ አባቴ በማግስቱ ድረስ ሲልህ በዕለቱ የደረስከው አንተ አይደለህም ብሎ አሳፈረው። ፒ ደግሞ ያኔ ጌታዬ አባትህ ነበር፣ ትእዛዝ ፈጸምኩ አለው። የቺው መስፍን ኋን ቀበቶውን በቀስት የመታውን ጓን ዦንግን ይቅር ብሎ ዋና ሹም አላደረገውም ወይ ሲልም ጨመረ። ወን አስገባው። ፒ የሁዪ ወገኖች ቤተ መንግሥቱን በእሳት ሊያጋዩ ማሴራቸውን ነገረው። እሳቱ ሲነሳ ወን ውስጥ አልነበረም።

ለቹ ንጉሥ የገባውን ቃል ጠበቀ?

ጠበቀ፤ ብልጠትም ነበረበት። በ632 ቸንግፑ ላይ ሲገናኙ የጂን ጦር የሦስት ቀን መንገድ አፈገፈገ። ግልፍተኛው የቹ ጦር መሪ ዚዩ ፈሩ ብሎ ተከተላቸው። ጂኖች ፈረሶቻቸውን የነብር ቆዳ አልብሰው ደካማውን ክንፍ በተኑ። በሌላው ክንፍ በሠረገላ ቅርንጫፍ እየጎተቱ አቧራ አስነሡ፤ የሚሸሹ መስለውም አሳሳቱ። ቹ ተሸነፈች፤ ዚዩ ራሱን ገደለ። ከዚያ በኋላ የመሳፍንቱ አለቃ ወን ሆነ።

የውርስ ደንብ አልነበራቸውም?

ነበራቸው፤ ግልጽም ነበር። የዋናዋ ሚስት የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ይወርሳል። ችግሩ ሚስቶቹ ላይ ነው። መሳፍንት የሚያገቡት ከሌላ ግዛት ስለነበር እያንዳንዱ ልጅ የእናቱ አገር ጦር ከጀርባው ነበረው። ስለዚህ የአንድ ቤት ጠብ ወዲያው የጎረቤቶች ጦርነት ይሆናል።

በ651፣ ልክ ሺያን በሞተበት ዓመት፣ የቺው ኋን መሳፍንቱን ኩዪቺው ላይ ሰብስቦ አስማላቸው። ከመሐላው አንዱ የተሾመ ወራሽ አይቀየር፣ እቁባት በሚስት ቦታ አትቀመጥ የሚል ነበር። ራሱ ኋን በ643 ሲሞት ግን ልጆቹ ተፋጁ። ሬሳው 67 ቀን ሳይገነዝ ቀረ፤ ትሉ በበር እስኪወጣ ድረስ። በጊዜ ሂደት ከልጆቹ አምስቱ በየተራ ገዙ።

ጂን መፍትሔ አገኘች?

አገኘች፤ የገደላትም እሱ ነው። ከሊ ጂ ጉድ በኋላ የመስፍኑ ልጆች አገር ውስጥ እንዳይቀመጡ በመሐላ ተወሰነ። ወራሽ ያልሆነው ወደ ሌላ ግዛት ይላካል። ወንድም በወንድሙ ላይ የሚነሳበት ዕድል ጠበበ። ነገር ግን ሥልጣን ባዶ አይቀመጥም። የመስፍን ዘመዶች ይይዙት የነበረውን የጦርና የአስተዳደር ሹመት የቾንግኤር የስደት ጓዶች ዘሮችና ሌሎች የሹማምንት ቤቶች ያዙት።

በ607 መስፍን ሊንግ በዋናው ሹም በዣኦ ዱን ዘመድ እጅ ተገደለ። ታሪክ ጸሐፊው ዶንግ ሁ ዣኦ ዱን ጌታውን ገደለ ብሎ መዘገበ። ዣኦ ዱን እኔ አይደለሁም ሲለው፣ ሸሽተህ ከድንበር አልወጣህም፣ ተመልሰህም ገዳዩን አልቀጣህም አለው። ጽሑፉ ጸና። ሹሙም ጸና።

ታዲያ ጂን እንዴት ለሦስት ተከፈለች?

ታላላቆቹ ቤቶች ስድስት ነበሩ። ሁለቱ ከተባረሩ በኋላ ዥ፣ ዣኦ፣ ሃንና ዌይ ቀሩ። ከሁሉም ጉልበተኛ የዥ ቤት ነበር። አለቃው ከሦስቱም መሬት ጠየቀ። ሃንና ዌይ ሰጡ፤ ዣኦ እምቢ አለ። ዥ ሁለቱን አስከትሎ ዣኦን ዛሬ ታይዩዋን በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ጂንያንግ ላይ ከበበው። ወንዝ ጠልፎም ለቀቀባት። ከግንቡ ሳይሰጥም የቀረው ትንሽ ነበር። ምድጃ ውስጥ እንቁራሪት ተራባ ይባላል።

አንድ ቀን ዥ በሠረገላ ሆኖ ጎርፉን ይጎበኛል። የዌይ አለቃ ይነዳል፣ የሃን አለቃ ጎኑ ነው። ዥ ውሃ አገር እንደሚያጠፋ ዛሬ ገባኝ አለ። የዌይ አለቃ ሃንን በክርኑ ጎሰም አደረገው፤ ሃን የዌይን እግር ረገጥ አደረገ። የሁለቱም ከተሞች ወንዝ ዳር ናቸዋ! በሌሊት የዣኦ መልእክተኛ መጣ፤ ተስማሙ። በ453 ውሃውን ወደ ዥ ሰፈር መለሱት። የዥ ዘር ተጨፈጨፈ። የአለቃውን ራስ ቅል ዣኦ መጠጫ አደረገው።

በ403 የዡ ንጉሥ ሃንን፣ ዣኦንና ዌይን ራሳቸውን የቻሉ መሳፍንት ብሎ አጸደቀ። ለጂን መስፍን ከግዛቱ ሁሉ የቀሩለት ዋና ከተማው ጂያንግና ቹዎ ብቻ ነበሩ፤ ያችው ቹዎ። የመጨረሻው መስፍን በ376 ተሻረ።

ከመጻሕፍት ሌላ ማስረጃ አለ?

አለ፤ ደስ የሚለኝም ክፍል ይህ ነው። በ1965 (ይህኛው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ነው) ሻንሺ ውስጥ ሆውማ ላይ ጄድ ከሚባለው የከበረ ድንጋይና ከተራ ድንጋይ የተሠሩ ከ5,000 በላይ ቁራጮች ከጉድጓድ ወጡ። የብዙዎቹ ጽሑፍ በቀይ ቀለም በብሩሽ የተጻፈ መሐላ ነው። የማሉት ከዣኦ ቤት አለቃ ጎን የቆሙ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን እየጠቀሱ፣ የተባረሩትን ጠላቶች ወደ ጂን ምድር እንዲመለሱ ካደረግሁ የቀደመው ጌታ መንፈስ ይየኝ፣ ዘሬም ይጥፋ ይላሉ። የቾንግኤር አጎት የሁ ያን ደወሎችም ተገኝተዋል። ከቾንግኤር ጋር መመለሱንና በቹ ላይ የተገኘውን ድል ይተርካሉ። አብዛኞቹ ዛሬ ታይፔ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ቺንስ ከወራሽ ጣጣ አመለጠች?

አላመለጠችም። ሃንን በ230፣ ዌይን በ225፣ የዣኦን ቅሪት በ222 ወሰደች። በ221 ቻይና በሙሉ በእጇ ገባች። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት በ210 ጉዞ ላይ ሞተ። ጃንደረባው ዣኦ ጋኦና ዋናው ሹም ሊ ስ ሞቱን ደብቀው በስሙ ደብዳቤ ፈጠሩ። ታላቁ ልጅ ፉሱ ሰሜን ድንበር ላይ ከጦሩ ጋር ነበር። ደብዳቤው ራስህን ግደል ይላል። ጄኔራሉ መንግ ቲያን ኧረ መጀመሪያ እናጣራ ብሎ ለመነው። ፉሱ፣ አባት ልጁን ሙት ካለው ምን ይጣራል ብሎ ራሱን ገደለ። ታናሹ ሁሃይ ነገሠ። ሥርወ መንግሥቱም ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላው ወደቀ።